ሳልተረጉም ያስቀረሁት

ፔታሕ ቲክቫ፣ የካቲት 1986 እንደዚህ ሀገር አቆጣጠር

ውድ አባ አለኸኝ፣

አንቱ ፊደል እንዳልቆጠሩ አውቃለሁ። በሕይወት ሳሉም ደብዳቤ ሲመጣልዎ አንባቢው እኔ ነበርኩ። ካረፉ እነሆ ዓመት ሆነ። ቢሆንም ልጻፍልዎ። ፊት ለፊትዎ ቆሜ መናገር የሚገባኝን ያኔ ሳልናገር ቀርቻለሁና።

ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቅዎ በወገራ መንደራችን ያንን ቁልቁለት ሲክቡት ነው። መሬቱ የአንቱ አልነበረም፤ እኩሌታውን ምርት ለባለርስቱ እየሰጡ ነበር የሚያርሱት። አባቴ “በሰው መሬት ላይ ምን ያለፋዎታል?” ሲልዎ፣ “አፈሩ ወንዝ ከገባ በኋላ የእሱም የኔም አይሆን” ማለትዎ ትዝ ይለኛል። ሃያ ዓመት ድንጋይ በድንጋይ ላይ አኖሩ። ደርቃ የነበረችው ምንጭ ተመለሰች። ከጎረቤት መንደር ሳይቀር ካብ ሊማር ሰው ይመጣ ነበር። ወደ ሱዳን በተነሣንበት ቀን ሁላችን ልጅና ስንቅ ስንሸከም፣ አንቱ ከካቡ የወደቀች አንዲት ድንጋይ ወደ ቦታዋ መልሰው ነው የተከተሉን።

ከሱዳን እዚህ እንደደረስን ክፋር አቭራሃም ከሚባለው ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ቤት ተሰጠን። ከሕንፃችን ጀርባ ያለው ጉብታ ለግንባታ ተቆርጦ፣ ዛፉም ተነቅሎ ነበር። በመጣን በሳምንቱ ትኩር ብለው አዩትና ዶማ ፈለጉ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ድንጋይ እየለቀሙ መካብ ጀመሩ።

እኔ አፍርብዎት ነበር፣ አባ። ኡልፓን ከሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቼ ዕብራይስጡ ቶሎ ቀንቶኝ ለሰዎቻችን አስተርጓሚ ሆኜ ነበር። ሸሚዜን ተኩሼ ስወጣ አንቱን አቧራ ለብሰው አገኝዎታለሁ፤ ጎረቤቶቻችንም ከሰገነት ሆነው ያዩዎታል። “እነዚህ ሰዎች ድንጋይ ከመሸከም ሌላ አያውቁም” የሚሉ ይመስለኝ ነበር። ማንም ሲል ግን አልሰማሁም።

የሕንፃዎቹ አስተዳዳሪ ሞሼ የመጣ ቀን ከጎንዎ ነበርኩ። “ሽማግሌው ምን እየሠሩ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። አንቱም ዶማዎን አስደግፈው እንዲህ አሉኝ፦

“ንገረው ልጄ። ይህን አፈር የሚይዘው ሥር አልቀረም። ዝናቡ ሲመጣ ጭቃው ታች ያሉት ቤቶች ውስጥ ይገባል። ካቡን ልጨርስ፣ ከዚያ ችግኝ ይስጠኝ።”

እኔ ለሞሼ ያልኩት ይህን ነው፦ “ሥራ ስለፈቱ ነው። ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ብታነሡት ቅር አይላቸውም።”

“በሰደር”፣ እሺ ማለቱ ነው፣ አለና ሄደ። አንቱ “ምን አለ?” ሲሉኝ፣ “አመስግኗል፤ አስብበታለሁ ብሏል” አልኩዎ። ፊትዎ በራ። “የገበሬ ልጅ መሆን አለበት” አሉ።

በሦስተኛው ቀን ትራክተር መጥቶ ካቡን ጠርጎ ወሰደው። ነጂው ሥራውን ጨርሶ እስኪሄድ ድረስ ቆመው አዩ። “ሞሼን ምን በድዬው ነው?” አሉኝ። “ከበላይ ታዞ ይሆናል” አልኩዎ። ይህ ሦስተኛው ውሸቴ ነው።

በጥር ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ጣለ። እኔ ሥራ ሄጄ ነበር። ከቀትር በኋላ ስመለስ ጉብታው ተንዶ፣ ጭቃው ምድር ቤት የምትኖረው አምሳለች በር ላይ ደርሶ ነበር። አምሳለች የአሥር ቀን አራስ ናት። አንቱ በስልሳ ስምንት ዓመትዎ እስከ ጉልበት ጭቃ ውስጥ ገብተው፣ ከማለዳ ጀምሮ ቦይ እየማሱ ውኃውን ወደ መንገዱ መልሰውታል። ዶማውን ከእጅዎ ስቀበል ጣቶችዎ አልላቀቅ ብለው ነበር። አራሷም ሕፃኑም ተረፉ። አንቱን ግን ብርዱ ሳንባዎ ላይ ወረደ።

ሆስፒታል ስጠይቅዎ እጄን ይዘው፣ “ሞሼን እንዳትቀየሙት። ቢነገረውም አልገባው ይሆናል፤ የከተማ ሰው ነው” አሉኝ። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ነርሷ መድኃኒት ይዛ ገባች፤ እኔም እሷን ምክንያት አድርጌ ወጣሁ። በማግስቱ አረፉ።

ባለፈው ወር፣ እዚህ ችግኝ በሚተከልበት በዛፍ በዓል፣ ሰፈሩ በሙሉ ጉብታው ላይ ተሰበሰበ። ሞሼ ራሱ ድንጋይ አስመጥቶ፣ ከእኛ ሰዎች ጋር አዲስ ካብ አሠርቷል፤ ስምዎም በሁለት ቋንቋ ተጽፏል። ንግግሩን እንድተረጉም ጠየቀኝ። በመካከል ከወረቀቱ ቀና ብሎ፣ “ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ምነው ያኔ አንድ ሰው ምን እንደሆነ ነግሮኝ ቢሆን!” አለ።

ሰዉ ትርጉሙን ይጠብቃል። ባለቤትዎ እትዬ ውዴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

“ተናግረው ነበር” አልኩ በአማርኛ። “ለእኔ ነው የነገሩኝ። አሳፍረውኝ ሌላ ነገር ተረጎምኩ።” ከዚያ ወደ ሞሼ ዞሬ በዕብራይስጥ ደገምኩት። ሞሼ ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ። ከሰዎቻችን አንዱ ጀርባውን አዞረብኝ። እትዬ ውዴ ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ማንም አስተርጉምልኝ አላለኝም፤ እውነታቸውን ነው። ትናንት ግን በሬ ተንኳኳ፤ እትዬ ውዴ ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ነው፣ አባ። “ሐኪም ዘንድ ትወስደኛለህ” አሉኝ። “የሚለውን ሁሉ ንገረኝ። የሚያስፈራኝም ቢሆን እንዳታሳጥረው።”

ሐኪሙ የግራው ዓይን እንደማይድን፣ የቀኙ ግን በሕክምና ሊተርፍ እንደሚችል ተናገረ። አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዙ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም።

“ማክሰኞም ትመጣለህ” አሉኝ።

እሄዳለሁ፣ አባ። እስከፈለጉኝ ድረስ እሄዳለሁ። አፈሩ ይቅለልዎ።

የበደልኩዎ ልጅዎ፣
ደሴ