ቀኙ በቅሎ ግራው እንቢ ያለኝ ጸጉሬ

ሰኞ፣ ኅዳር 6

ጎረቤቴ ታደለች ዛሬም አልተሻላትም። እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጧል። ሐኪሙ ኩላሊት ነው ብሏል፤ ክኒኑንም ምግብ በልተሽ ዋጪ ተብላለች። ትልቋ ልጇ ማርታ ከሆመቾ መጥታ እያስታመመቻት ነው። ወንዱ ልጇ ከዘመተ ወዲህ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው የመጣላት፤ እሱኑ ትራሷ ስር አድርጋ ትተኛለች።

ልጠይቃት ስገባ የጸሎት እህቶች ሁሉ እዚያ ናቸው። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ እየተዟዟርን ነው የምንጸልየው፤ የቀበሌ ሰው ከመጣ ታማሚ ጠያቂ ነን። መሪያችን እህት አስቴር ከረቡዕ እስከ ዓርብ እንጹም አለች፤ ለሁለት ነገር። ለታደለች ኩላሊትና ለእኔ ራስ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ሻሼን አስፈቱኝ። ቀኙ ሦስት ጣት ሆኗል። ግራው ከጆሮዬ በላይ እስከ መሃል አናቴ ገላጣ ነው፤ እዚህም እዚያም የጫጩት ላባ የመሰለ ነገር አለበት። አስቴር በጣቷ ለካችው።

"ብርሃኔ፣ ቀኙን የመለሰ ጌታ ግራው አያቅተውም" አለች።

ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ይህን ደብተር ማንም አያነበውም፤ እዚህ ልጻፈው። በሽታ አይደለም። ቅባት ነው።

ሰኔ ላይ የእህቴ ልጅ ዘነበች ከአዲስ አበባ ስትመጣ ጸጉር የሚያለሰልስ ቅባት ይዛ መጣች። ሰርግ ነበረብን። በአርባ ሦስት ዓመቴ እንደ ልጃገረድ መዘነጥ አማረኝ። ግራውን ቀብታ ወደ ቀኙ ልትዞር ስትል በሩ ተንኳኳ። አስቴር! በዚያው ሳምንት ስለ ጸጉር ማስተኮስ ገስጻን ነበር። ጠርሙሱን አልጋ ስር፣ ሻሹን ራሴ ላይ፣ ቁጭ። ከአሥር ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም ተብሏል። አስቴር ደግሞ ጸሎት ጀመረች። የእሷ ጸሎት አገር ያዞራል፤ የሆሳዕናን ከተማ ጨርሶ አዲሎ፣ ከአዲሎ ሺንሺቾ፣ ከዚያ የዘመቱት ልጆች በየስማቸው። ራሴ ነደደ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እሷ መንፈስ ነክቷት ነው ብላ ይብስ አስረዘመችው።

በሦስተኛው ቀን የግራው ጸጉር ከነሥሩ እጄ ላይ ቀረ። እኩል ይሁን ብዬ ቀኙን በመቀስ ከረከምኩት። ምን ነካሽ ሲሉኝ "እንጃ፣ በሽታ ነው" አልኩ። በቃ፣ ይህችው ናት ጣጣዬ።

እስካሁን የሞከርኩት፦ ጉሎ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እሬት፣ ቅቤ። ባለቤቴ ላምቤቦ ቅቤውን አይቶ፣ በዚህ ቤት ከእኔ ቀለብ የጸጉርሽ ይሻላል አለኝ። ጤና ጣቢያ የሚያክመው ድሬሰር ምን ቀባሽ ቢለኝ ምንም አልኩት። ታዲያ የምን መድኃኒት ይስጠኝ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ጾሙ ተጀመረ። እኔም ጾምኩ፤ ምን ልሁን።

ከሰዓት በኋላ ማርታ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። እናቷ ከጧት ጀምሮ ወተት እንኳ አልቀመሰችም። ሆዷ ባዶ ስለሆነ ክኒኑም አልተዋጠም። እነሱ ለእኔ ሲጾሙ እኔ ለብርሃኔ ራስ ብጾም ምን አለበት ብላለች።

ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ ሄድኩ። ማርታን ውሃ አምጪልኝ ብዬ አስወጣኋት።

"ታዱ፣ ብዪ። በሽታ አይደለም። ቅባት ነው ያቃጠለኝ።"

ከጠርሙሱ እስከ መቀሱ ሁሉንም ነገርኳት። ከትራሷ ቀና አለች።

"ያን ቀን መንፈስ ነክቷት አለቀሰች የተባለውስ?"

"አቃጥሎኝ ነዋ።"

ጎኗን ይዛ ሳቀች፤ ማርታ ደንግጣ ሮጣ ገባች። ወተቱን ጠጣች፣ ክኒኑንም ዋጠች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"አንቺ፣ እኔ እኮ በጸሎቴ ከኩላሊቴ በፊት ያንቺን ራስ ነበር የማስቀድመው" አለችኝ።

ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ወደ አስቴር ቤት ሁለቴ ወጣሁ፣ ሁለቴ ተመለስኩ። አንዴ ሰው አለባት ብዬ፤ አንዴ ማንም የለባትም ብዬ።

ደህና ነገር ቢኖር፦ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ አንዷ እህት ግራው እንዴት ሆነ ስትለኝ "በሽታው" ማለቱን ተውኩት። እንዳለ ነው አልኳት። ውሸት አይደለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ጧት አስቴር ራሷ መጣች። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ በራሴ ላይ እጇን ጭና ልትጸልይ። ተቀመጪ አልኳትና ቆሜ ተናገርኩ። እያየሁ የነበረው ጫማዋን ነው።

እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ቀኙስ?"

"በመቀስ ነው የቆረጥኩት።"

"እንግዲያ እንደማንኛውም ጸጉር ነው የበቀለው።"

"አዎ።"

ባለፈው ወር ሺንሺቾ ሄዳ ቀኙ በተአምር በቀለ ብላ መስክራለች። ለካ! አንዲት እናት ያን ሰምታ የልጇን ቆረቆር ሐኪም ቤት ማመላለሱን ትታ ጾም ይዛለች። አስቴር ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ከፍ አላለም። ነገ በጧት መናኸሪያ ተገናኝተን አብረን እንሄዳለን፤ ተናጋሪዋ ግን እኔ ነኝ። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

"ያን ቀን በቃ፣ አሳጥሪው ብትዪኝ ምን ነበረበት? ይህን ያህል አስፈራለሁ?"

ሻሼን ደግሜ አጠበቅኩት። እሷም ሄደች።

ለላምቤቦም ነገርኩት። ጠርሙሱን ሐምሌ ላይ አልጋ ስር አይቶት ነበር፤ እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር አለ።

አመሻሹ ላይ ማርታ ብቅ አለች። እናቷ ሁለት ጊዜ በልታለች፤ እብጠቱ ግን እንዳለ ነው። ታደለች የሺንሺቾውን ጉዳይ ከአስቴር ሰምታ መልእክት ልካልኛለች፦ ብርሃኔ እዚያ ስትደርስ ሻሿን ፈትታ ትናገር፣ ራሷን ካላዩ ያቺ እናት አታምናትም ብላለች።