የራሴን ወረቀት ስፈርም

ውድ ስንዱ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት አንድ ቤት የኖረ ሰው ለሚስቱ ምን ብሎ ይጽፋል? ትዕግሥታችን ናት፣ “አባዬ፣ ለእማዬ የምትነግራት ነገር ካለ ጻፈው፤ ሆድህ ውስጥ አታስቀምጠው” ያለችኝ። ሆዴ ውስጥ ብዙ ነገር እንዳስቀመጥኩ ታውቃለች።

መጀመሪያ ቤቱን ልንገርሽ። በኩሽናው በኩል የሚያፈሰው ቆርቆሮ ተቀየረ። የቀርከሃው አጥር ባለፈው ክረምት ወድቆ ወንድምሽ አለምነው መጥቶ አዲስ አጠረልን። ጓሮሽን ግን አልቻልኩበትም፤ ጎረቤታችን ድንችና ጎመን ተክላበታለች፣ ከምታነሣው ለእኔም ታቀምሰኛለች። ልብስሽን እናትሽና ትዕግሥት ለሰው ሰጡት። አረንጓዴውን ሹራብሽን አስቀርቻለሁ፤ የት እንዳስቀመጥኩት አልነገርኳቸውም።

አሁን ስለ ራሴ ልንገርሽ። ካንቺ በኋላ ያደረግሁት አንድ ነገር ቢኖር መብላት ነው። ሌላው ሰው ሲያዝን ምግብ ይዘጋዋል፣ የኔ ተከፈተ። ሚኒባሷን ይዤ ዳንግላ ስደርስ ጥብስ፣ ወደ ከተማችን ቆሰበር ስመለስ ክትፎ፣ ሥራ ስጨርስ ደግሞ ድራፍት። ባዶ ቤት ከመግባት ሥጋ ቤት መቀመጥ ይሻለኝ ነበር። ድሮም ወፍራም እንደነበርኩ ማን እንዳንቺ ያውቃል! “አንተን ያየ ሰው እኔን ያመሰግናል” እያልሽ ትኮሪ ነበር። ተኝቼ ትንፋሼ ሲቋረጥ በክርንሽ ጎሸም አድርገሽ በጎኔ ታገላብጪኝ ነበር። ሲነጋ “ዛሬም ሦስት ጊዜ ሞተህ ተነሣህ” ስትይኝ እስቃለሁ። ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ብቻዬን መተኛት ስጀምር ነው ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ። ታፍኜ እነቃለሁ፣ ሲነጋም ጭራሽ እንዳልተኛ ሰው ራሴን ያዞረኛል።

ከዚያ መንገድ ላይ ያ ነገር ደረሰ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ከዳንግላ ሰው ሞልቼ ወደ ቆሰበር እየመጣሁ ነበር። አዲስ ቅዳም ከተማን ማለፌን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ጋቢና የተቀመጡት ሽማግሌ “አንተ ሰውዬ! አንተ ሰውዬ!” እያሉ መሪውን ሲይዙ ነው። መኪናዋ ከአስፋልቱ ወጥታ ለከሰል በተተከለ ለጋ የዲከረንስ ዛፍ መሃል ገብታ ቆመች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ተሳፋሪው እየጮኸ ወረደ። አንዲት ሕፃን የታቀፈች እናት ብቻ ፊቴ ቆማ ዝም ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ቁልፉን ለአለምነው አስረከብኩና ቤት ተቀመጥኩ።

ትዕግሥት እንደሰማች ባሕር ዳር ወሰደችኝ። ሐኪሟ የእሷ እኩያ ብትሆን ነው። ሚዛን ላይ አወጣችኝ፣ መቶ አርባ ስድስት ኪሎ። ስኳሬ ጨምሯል፣ የደም ግፊቴም እንደዚያው። ተኝቼ ትንፋሼ ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ አስመርምራ፣ መኪና ላይ ያሸለበኝ በዚህ ምክንያት እንደሆነ ነገረችኝ።

“ሁለት መንገድ አለ፣ ጋሼ” አለችኝ። “አንደኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ነው፤ አመጋገብ፣ የእግር ጉዞ፣ መድኃኒት፣ ሲተኙ ደግሞ ትንፋሽ የሚያግዝ ማሽን። ቀስ ይላል፣ ግን ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ሁለተኛው ጨጓራን በቀዶ ሕክምና ማሳነስ ነው። ኪሎው ቶሎ ይወርዳል። ግን ቀዶ ሕክምና ስለሆነ የራሱ አደጋ አለው፣ ከዚያ በኋላም ዕድሜ ልክዎን በትንሽ በትንሹ መብላት፣ ቫይታሚን መውሰድ፣ ክትትል ማድረግ አለብዎት።”

“እኔን ቢላዋ አይነካኝም” አልኳት።

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ትዕግሥት ግን አንገቷን ደፋች። ያንቺን የቀዶ ሕክምና ወረቀት የፈረምኩት እኔ መሆኔን ታውቃላ! ትኩሳትሽ እሳት ሆኖ፣ ቀኝ ጎንሽን ይዘሽ፣ እኔ እስክሪብቶውን ጨብጬ ስፈዝ “ፈርም እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ?” አልሽኝ። ፈረምኩ። በሦስተኛው ቀን አጣሁሽ። ከዚያ ወዲህ፣ ስንዱዬ፣ በእጄ የገደልኩሽ ያህል ይሰማኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩትም።

ሐኪሟ አላስገደደችኝም። “እንግዲያው በመጀመሪያው እንጀምር፤ በስድስት ወር እንየው” ብላ ከምግብ ባለሙያ ጋር አገናኘችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከልቤ ሞከርኩ። በየማለዳው ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ እስከ ድልድዩ ነበር፣ በኋላ ከዚያም አልፌ። ያየኝ ሁሉ “ምነው፣ መኪናህ ተሸጠ እንዴ?” ይለኛል። እንጀራውን በግማሽ፣ ቅቤውን በማንኪያ ጫፍ፣ ድራፍቱን ጨርሶ ተውኩት። ድሮ ጾም ሲገባ ሥጋውን እየተውኩ ለምን እንደማልቀንስ ይገርመኝ ነበር። የምግብ ባለሙያው ጾሜን ስፈታ የምበላውን ሲያስቆጥረኝ ነው የገባኝ፤ ለካ ቀኑን ሙሉ የተውኩትን ማታ በሽሮና በዘይት እመልሰው ነበር። ማሽኑም ጥሩ ነበር፤ ግን የቆሰበርን መብራት ታውቂዋለሽ፣ እሱ ሲሄድ ማሽኑም ይሄዳል።

በአራት ወር አሥራ አንድ ኪሎ ቀነስኩ። ስኳሬ ወረደ። ትዕግሥት በስልክ እልል አለች። ከዚያ ሚዛኑ አልነቃነቅ አለ። የሠርጉ ወራት መጣ፣ በየድንኳኑ “በሞቴ!” የማይልሽ ሰው የለም፤ አምስቱ ኪሎ ተመለሰ። አፈርኩ። ቀጠሮዬን ሁለት ሳምንት አሳለፍኩ፣ የትዕግሥትንም ስልክ አላነሣም፤ ስትጠይቀኝ ኔትወርክ የለም እላታለሁ። በመጨረሻ ስሄድ ሐኪሟ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

“ስንፍና እንዳይመስልዎት” አለችኝ። “ሰውነት ኪሎ ሲቀንስ የረሃብ ስሜቱን ይጨምራል፣ የጣለውን መልሶ ይፈልጋል። አንዳንዱ ሰው በዚሁ መንገድ ይድናል፤ እርስዎም የቀነሱት ጠቅሞዎታል። እንቅልፍዎ ግን ገና ነው። ቀዶ ሕክምናውን እንደገና ያስቡበት፤ እምቢ ካሉም አብረን እንቀጥላለን።”

እምቢ ለማለት ስፈልገው የነበረው ምክንያት እናትሽ ጋ ያለ መሰለኝ። ልጇን በቀዶ ሕክምና ያጣች ሴት “ተው” እንደምትለኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሷ “ተው” ካለች ማን ይከራከረኛል? ወደ አገሯ ወደ ግምጃ ቤት ሄድኩ። እንደምታውቂው አስተርጓሚያችን አንቺ ነበርሽ። አሁን እሷ በተሰባበረ አማርኛ፣ እኔ በተሰባበረ አገውኛ እንግባባለን። ደጃፏ ላይ ገብስ እያበጠረች አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳትና “እንግዲህ እኔ አልቆረጥም፣ እማማ፤ ስንዱን የገደላት ቢላዋው ነው፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ” አልኳት።

ሰፌዱን አስቀመጠች።

“አንተ ነህ እንዴ የገደልካት?” አለችኝ። “እኔ ደግሞ እኔ ነኝ እል ነበር።”

ከዚያ ነገረችኝ። ያ ጎንሽን የሚወጋሽ በሽታ ከጀመረሽ ዓመት አልፎት ነበር አለች። ሐኪሞች የሐሞት ጠጠር ነው፣ ይውጣ ሲሉሽ፣ ለእኔ እንዳትነግሪ ብላ “ቆይ፣ ጠበል ሞክሪ፣ ይተውሽ ይሆናል” ያለችሽ እሷ ነበረች። “ጠበሉ ምን በደለ” አለች፤ “ሐኪሙን አትሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ስትደርስ ውስጧ ተመርዞ ነበር። አለምነው ነግሮኛል።” ለእኔም ያንቺ ዶክተር ነግሮኝ ነበር፣ ስንዱ። ዘግይታ ነው የመጣችው ብሎኝ ነበር። ጆሮዬ ውስጥ አልገባም እንጂ።

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አለቀስን። በአገውኛ አንድ ነገር አለችኝ፤ ስላልገባኝ በአማርኛ ደገመችልኝ። “ተቆረጥ አልልህም፣ አትቆረጥም አልልህም። እኔ አላውቅም። ግን ልጄ፣ በእሷ ሞት አትወስን።”

ወደ ቤት የተመለስኩት በጋሪ ነው። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ራሴን ጠየቅሁ፤ ስንዱ ድና ብትመለስ ኖሮ ምን እመርጥ ነበር? መልሱ ቆሰበር ሳልደርስ መጣልኝ። ለመፈረም እፈራ ነበር፣ ግን እፈርም ነበር። በዚያው ዕለት ለትዕግሥት ደወልኩላት። ለቀዶ ሕክምናው ብለን ጥሊሊ ያለችውን ቦታችንን ሸጥን፣ ቅር እንዳይልሽ።

አዲስ አበባ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ወረቀቱን ሲሰጡኝ እስክሪብቶውን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ነርሷ “ልጅዎ ትፈርምልዎ?” አለችኝ። እምቢ አልኩ። ያንን ሸክም ለትዕግሥት አላወርሳትም። የራሴን ወረቀት በራሴ እጅ ፈረምኩ። ስነቃ ያየሁት የእሷን ፊት ነው፤ ዓይኗ አብጦ ትስቃለች። የልጅነት ሳቋን አስታወሰችኝ።

ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽሽም። መጀመሪያ ውኃውን እንኳ በፍንጃል ነበር የምጎነጨው። ከዚያ ቀጭን ሾርባ፣ ከዚያ የተፈጨ ነገር። አንድ ቀን ቸኩዬ ሁለት ጉርሻ ዋጥኩና ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሰኝ ዋለ። ፀጉሬ ሳሳ። ክኒኑን በየቀኑ እውጣለሁ፣ ክትትሌን ባሕር ዳር አላቋረጥኩም። ሰው ደግሞ ክሳት ሲያይ በሽታ ነው የሚመስለው። ገበያ ላይ አንዷ ከንፈሯን መጥጣ “ምስኪን፣ ሐዘኑ አሁን ገና ጣለው” ስትል ሰምቻለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ግን ሳልደብቅ እናገራለሁ፣ ሆዴን ተቀድጄ ነው እላለሁ። የዳንግላው ጓደኛዬ፣ እሱም እንደኔ ከባድ ነው፣ “እኔም ልሂድ ወይ?” ሲለኝ ሐኪምህን ጠይቅ አልኩት። በምግብና በእግር ጉዞ ጀምሮ እስካሁን ጥሩ ይዞታል። ያንንም ከልቤ አደነቅሁለት፤ ልፋቱን ቀምሼዋለሁና።

ከቀዶ ሕክምናው ስምንት ወር ሆነኝ። ዛሬ መቶ አራት ነኝ። እንቅልፌን በድጋሚ አስመርምራ ሐኪሟ መንዳት ይችላሉ ብላኛለች፤ ካለፈው ወር ጀምሮ ከአለምነው ጋር ቀን እየተፈራረቅን እንሠራለን።

አሁን አንድ ያልነገርኩሽ ነገር ቀረ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እሱን ልነግርሽ ነው።

በቀብርሽ ዕለት መቃብርሽ ድረስ አልደረስኩም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችው ዳገት ግማሽ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፣ መራመድ አቃተኝ። ሁለት ሰዎች ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ፤ ሰው ሁሉ ተሸክሞሽ አለፈኝ። ልቅሶውን ከታች ነው የሰማሁት። በአርባሽም፣ በሙት ዓመትሽም ደጀ ሰላሙ ላይ ቀረሁ። ሰው “ጉልበቱን ያመዋል” እያለ ይሸፍንልኝ ነበር። ሌላው ቀርቶ አፈር እንኳ አላለበስኩሽም፣ ስንዱ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ሁለት ጊዜ አረፍኩ፣ ግን ደረስኩ። ቦታሽን አላውቀውም ነበር፤ ስምሽን ከሐውልት ሐውልት እያነበብኩ ፈለግሁት። ወንድምሽ ዳር ላይ፣ ወደ ግምጃ ቤት በሚያሳየው በኩል አሳርፎሻል። የእናትሽ አገር ከዚያ ወለል ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ቦታ እንደተመረጠልሽ እንኳ አላውቅም ነበር። እጄን ድንጋዩ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ፀሐዩ አሙቆት ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኩሽ። ስለ ፊርማው አይደለም፤ እሱን ከእናትሽ ጋር አልቅሰን ጨርሰነዋል። ስለ ዳገቱ ነው።

እናትሽ አንቺን ካየች ቆይታለች። በፋሲካ ማግስት ይዣት እመጣለሁ፤ ደክሟታል፣ እደግፋታለሁ። ስምሽን በጸሎት ሳላነሣ ውዬ አላድርም። የቀረውን ጊዜም ሰው ልኬ አልጠይቅሽም፣ በእግሬ እመጣለሁ። መንገዱን አሁን አውቄዋለሁ።

ባልሽ