አንድ ሰው የቀረው ቅጥቅጥ

ለታላቅ ወንድሜ ለነህምያ ኤሊያስ፣ ደቡብ አፍሪካ

ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ይቅደም፤ ከሰላምታዬ ኋላ ደግሞ ሳቄ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ሱቁስ? ብርዱስ እንዴት አደረገህ? ሆድህን ግን አልጠይቅም፤ በቪዲዮ ስትደውል ካንተ ቀድሞ ስክሪኑ ላይ የሚደርሰው እሱ ስለሆነ ደህንነቱን አውቃለሁ። እኛ ጌታ ይመስገን፣ ካንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ጻፍ ያለችኝ እማዬ ናት።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትለኝ። አባባ ስፒከር ላይ አድርጎ ነው የሚያዋራህ፤ እኔ ደግሞ ላንተ ብቻ የምናዘዘው ነገር አለኝ። ጎረቤታችን ሚክያስ ወደዚያ ሊመለስ ስለሆነ ይህችን ደብዳቤ ሻንጣው ውስጥ እንዲከታት ለምኜዋለሁ። ተቀምጠህ አንብብ፣ እስከ መጨረሻውም አትቆጣ።

አባባ ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃዱ ሳይታደስለት ሲቀር፣ ቅጥቅጥ አውቶብሳችንም ለቁራጭ ብረት ሲሄድ፣ እንዴት እንደሆነ አንተ በስልክ አይታይህም። በመናኸሪያው በር ማለፍ እንኳ ተወ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በኋለኛው መንገድ ይዞራል። በሺንሺቾና በሀደሮ መስመር «ኤሊያስ መጣ!» ሲባልለት ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው፣ አጥር ሥር ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን ባጃጅ በድምፁ ይሰድብ ጀመር።

እኔ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ መቼ ይሆንልኛል? መኪናውን እንደገና ልሠራው ተነሣሁ። አትሳቅ! በሃያ እጥፍ አሳንሼ ነው። የመኪናው ሃያ ሳንቲሜትር በእኔ አንድ ሳንቲሜትር ነው። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የተኳረፍነው ሒሳብና እኔ በዚሁ ታረቅን፤ ሁሉንም ለሃያ ማካፈል ብቻ ነዋ። ያ ጓደኛህ ጁነዲን ከሱቁ ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አጠራቀመልኝ፤ ቦዲው እሱ ነው። መስታወቱ የውኃ ፕላስቲክ ነው። ቀዩ መስመር የሐዳሳ የጥፍር ቀለም ነው፤ እህታችን እስካሁን አይጥ የወሰደባት ይመስላታል። ጎማው ግን... ጎማው ይቆየን።

የቸገረኝ ልኩን ማስታወስ ነበር። አባባ ደግሞ ሲጠይቁት አይመልስም፤ ሲሳሳቱበት ግን አያሳልፍም። ስለዚህ ሆን ብዬ ድምፄን ከፍ አደርግና ለሐዳሳ «የኛ መኪና ፍሬቻ አራት ማዕዘን ነበር» እላታለሁ። ከአጥር ሥር «ክብ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!» ይመጣል። «ስፖኪዮዎቹማ ደህና ነበሩ» ስል «የቀኙን ሆመቾ ላይ በሬ ወግቶ አልሰነጠቀውም?» ይላል። እኔ ስድቡን እውጥና ወሬውን ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ። ስምንት ወር ሙሉ እየተሰደብኩ ሠራሁት። መሪው ይዞራል፣ ሃያ አምስቱም ወንበሮች ይታጠፋሉ።

ታዲያ የከተማው ባዛር ሲደርስ ማሳያ ቦታ ይሰጠኝ ብዬ አመለከትኩ። «ሞዴል መኪና አለኝ» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ላይ «የአሽከርካሪው ስም» የሚል ሳይ ግን እጄን በላኝ፤ «አቶ ኤሊያስ ላምቤቦ፣ ሠላሳ ዓመት የነዳ፣ ከአንዲት ዶሮ በቀር ማንንም ያልገጨ» ብዬ ሞላሁት። ቅጹን የተቀበለው አቶ ወንዳፈረው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ሞዴል፣ ሞዴል አርሶ አደርና ሞዴል ቤተሰብ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ቤታችን መጣ፤ «አቶ ኤሊያስ ላምቤቦ፣ በሞዴል አሽከርካሪነት ስለተመረጡ ከነመኪናዎ እንዲገኙ» ይላል።

እማዬ አነበበችለት። ሦስት ጊዜ አስደገማት። «ከነመኪናዎ» የሚለው ላይ ስትደርስ «መኪናው ባይኖር ነጂው አለ!» ብሎ ብድግ አለ። ጢሙን ተላጨ፣ የሰርግ ኮቱን አስተኮሰ። ነህምዬ፣ በራሴ ቀልድ ሳልስቅ ስቀር ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ብነግረው ኮቱ ተመልሶ ይሰቀላል፣ እሱም አጥሩ ሥር ይመለሳል። ባልነግረው ከተማው ሁሉ ይስቅበታል። ልናገር ብዬ ሦስቴ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቴም ያዛጋሁ አስመሰልኩ።

በቀኑ ሜዳው ላይ ቅጥቅጥ የሚያህል ቦታ በኖራ ተሰምሮ ጠበቀን፤ በአንድ ጎን ትራክተር፣ በሌላው ጎን አዲስ ሚኒባስ። አቶ ወንዳፈረው «መኪናውስ በየት በኩል እየገባ ነው?» አለ። አባባ ወደ እኔ ዞረ። ያዘልኩትን የብስኩት ካርቶን ከፍቼ መኪናውን ኖራው መሃል አስቀመጥኩት። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ።

አባባ ጎንበስ አለ። ዓይኑ አጥርቶ ስለማያይለት በጣቱ ነው ያየው። ፍሬቻውን ዳሰሰ፤ ክብ ነው። የቀኙን ስፖኪዮ ዳሰሰ፤ ስንጥቁን አገኘው። ያ በሽቦ የምናስረው በር በሽቦ ታስሯል። ከዚያ ቀና ብሎ በዚያ በመናኸሪያ ድምፁ «መኪናዬ ይኸው! ይህን ልጅ እጠበው ብለው አጠበበው!» አይል መሰለህ? አሁን የሳቀው ሁሉ ከእሱ ጋር ሳቀ። እሱማ መች በዚህ አቆመ፤ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ሺንሺቾ! ሀደሮ! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ይጣራ ጀመር። ያንተን ውሸት! ረዳቱ ሆነህ ባዶ መኪና ይዘህ «አንድ ሰው የቀረው!» እያልክ ስንቱን ገበያተኛ እንዳሞኘህ ረሳኸው? አንዲት የሀደሮ ሴትዮ መጥተው «ኤሊያስ፣ የዝንጅብል ጆንያዬ ጣሪያው ላይ እንደቀረ ነው፣ አውርድልኝ» አሉት። አቶ ወንዳፈረውም ነገሩ ሲገባው አንገቱን አክኮ «ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ወደ ኋላ አይነዳም» አለና የምስክር ወረቀቱን ሰጠው።

አሁን ወረቀቱ ግድግዳ ላይ፣ መኪናው ብፌ ላይ ነው። አባባ በየቀኑ መናኸሪያ ወርዶ ወጣቶቹን ሹፌሮች ይሳደባል፤ ጤንነቱ ተመልሷል ማለት ነው።

ወደ ጎማው ልምጣ። ያ እማዬ «ሲመለስ ያደርገዋል» ብላ የምታቦርሸው የቤተ ክርስቲያን ጫማህ... ሶሉን ቆረጥኩት። የቀኙን ብቻ! ግራው በሰላም አለ። እማዬ መኪናውን ስትወለውል ከሥሩ አርባ ሁለት የሚለውን ቁጥር አገኘችና ጆሮዬን ያዘች። ያዘችና መልሳ ሳቀች፤ «ግድ የለም፣ እግሩ ቀድሞ ደርሷል» አለች። ልትመታኝ ከፈለግክ በአካል መምጣት አለብህ።

ሐዳሳ ሰላም ብላሃለች፤ የጥፍር ቀለም ላክልኝ ትላለች፣ የድሮው የት እንደገባ አትንገራት። ጁነዲን «ሰውየውን በላው እንዴ ያ አገር?» ይልሃል። እማዬ ጉንጭህን በሁለቱም በኩል ስማሃለች። አባባን ምን ልበልልህ ብለው ብፌውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «አንድ ሰው የቀረው በለው» አለኝ። ነህምዬ፣ ይህኛው ውሸት አይደለም፤ ወንበሮቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ፣ የቀረው ያንተ ብቻ ነው።

ታናሽህ ዘርአብሩክ
ሆሳዕና፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.