በራሱ የተነፋው ሰደሪያ

ውድ ሎቭሬ፣

«እንዴት ነህ» ብዬ ለመጀመር አፈርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ድምፁን ያጠፋ ሰው ዛሬ ምን ነክቶት ነው ብትል እውነትህን ነው። ከባሕር ርቀህ ዛግሬብ ከእህትህ ጋር እንደምትኖር፣ በሁለት ምርኩዝ እንደምትሄድ፣ ቤታችሁም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ከፖስተኛው ሰምቻለሁ። እሱም ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። መጠየቅማ አልደፈርኩም።

የምጽፍልህ ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነው። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ከላይኛው ሰፈር የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ቤቱን ቆልፎ ሺቤኒክ ከተማ ገብቷል። አንዳንዴ ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ ብቻ የሬዲዮውን ዜና አንባቢ እሰድበዋለሁ። ሳይመልስልኝ ሲቀር ደግሞ ይከፋኛል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ባሕር ውስጥ ሠላሳ ስምንት ሜትር ጠልቄ ሳለሁ፣ አየር ሲሞላ ወደ ላይ የሚያነሳኝ የመጥለቂያ ሰደሪያዬ በራሱ ተነፋ።

በራሱ፣ ሎቭሬ። ግራ እጄ ቋጥኙን ይዟል፤ ቀኝ እጄ ለጌጥ የሚሸጠውን ኮራል በመዶሻ እየፈለፈለ ነው። ከደረቴ በኩል «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ሰደሪያው ብብቴን እያጨናነቀ ማበጥ ጀመረ። ጣቴ አየር ማስገቢያው ቁልፍ አጠገብ አልነበረም። መዶሻውን ጣልኩና እግሬን የቋጥኙ ስንጥቅ ውስጥ ሸጎጥኩ። በአንድ እጄ የትከሻውን ገመድ ስቤ አየሩን አስወጣሁ፣ በሌላው ከሲሊንደሩ አየር የሚያመጣውን ቱቦ ለመንቀል ታገልኩ። ሁለት ጊዜ አዳለጠኝ። በሦስተኛው ተነቀለ፤ ጩኸቱም ቆመ። ከዚያ ሰደሪያውን በአፌ ትንሽ ትንሽ እየነፋሁ፣ በየደረጃው እያረፍኩ ወጣሁ።

ጀልባዋ ላይ ሆኜ ቁልፉን ፈታሁት። ውስጡ ጨው ጋግሮበታል። መዝጊያው በጨው ተነክሶ አየሩን መያዝ አቅቶታል። ቁጭ ብዬ ስንት ሰዓት እንዳየሁት እንጃ። ያ ባልዲ ትዝ አለኝ።

ያንን ነሐሴ ታስታውሳለህ። ሦስት ወር ዝናብ ጠብ ያላለበት፣ የጣሪያው ዝናብ የሚጠራቀምበት ጉድጓዳችን ታቹ የታየበት፣ ውሃ የምታመጣልን መርከብም የዘገየችበት ነሐሴ። በዚያ ወር እኛ ደሴት ላይ የሰው ውሃ መለመን ነውር ነው፤ አንተ ግን ከዋናው ምድር የመጣህ ነህና ለመንክ።

«ቤፖ፣ በናትህ አንድ ባልዲ ብቻ! የመጥለቂያ ዕቃውን ላለቅልቀው፣ ጨው እየበላው ነው።»

«ወይ የከተማ ሰው! እናቴ ፊቷን በኩባያ እየታጠበች አንተ ጎማ ልታጥብ?»

«ጎማው እኮ እኔን ነው የሚሸከመው።»

«ባሕር የነካውን ባሕር ይጠበው! ይልቅ ና፣ ሰርዲኑ ሳይቀዘቅዝ ብላ።»

እናቴ ከመስኮት ሆና «አንተ፣ ተወው ይውሰድ! አንድ ቀን ውሃ ባልጠጣ አልሞትም!» ብላ ጮኸች። ይህን ከሰማህ በኋላ እንደማትወስድ አውቅ ነበር። «ኧረ እማማ፣ ስቀልድ ነው» ብለህ ባዶውን ባልዲ ከበሩ ጥግ አስቀመጥከው። እኔም ሳቅሁብህ።

በማግስቱ ወረድን። ጀልባዋ ላይ የሚጠብቅ ሦስተኛ ሰው አላቆምንም፤ የኮራል ጠላቂ ቦታውን ለማንም አያሳይም፣ እኛም ከሌላው ብሰን ወንድማችንን እንኳ አናምንም ነበር። ታች እየሠራን ሳለ ዞር ስል ሰደሪያህ አብጦ፣ እጅህን እያራገብክ ወደ ላይ ስትሄድ አየሁህ። ከዚያ ጥልቀት በአንዴ የወጣ ሰው ደሙ እንደተከፈተ ቢራ አረፋ ይሞላል። እኔ ደግሞ እንዳንተ እንዳልሆን በመልሕቁ ገመድ ላይ ሃያ ሁለት ደቂቃ ተንጠልጥዬ መቆየት ነበረብኝ። ከላዬ ጥላህ ይታየኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር፣ በኋላ አልተንቀሳቀሰም። ሞቷል ብዬ የመጥለቂያ መነጽሬ ውስጥ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ብቻዬን የሆንኩበት ሰዓት የለም፤ ይህን ቤት ጨምሬ ነው የምልህ።

ስፕሊት ከተማ ሐኪም ቤት አንተን የአየር ግፊት ማከሚያው ክፍል ውስጥ ዘግተውህ ሳለ «ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። «ደነገጠ። የአየር ማስወጫውን የነካ መስሎት ማስገቢያውን ተጫነ። በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። አላየሁም ነበር። ሌላ ምን እንደምል ጠፋኝና ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ደሴቷ ገባ። አንተም ስትነቃ ሰምተኸው አመንክ። «ጣቴ ነው፣ ቤፖ፣ የገዛ ጣቴ ነው የጨረሰኝ» ያልከኝን አልረሳውም። «አይዞህ፣ በማንም ይደርሳል» ብዬ ትራስህን አስተካከልኩልህ።

አሁን የምነግርህን እህትህ ደብቃህ ይሆናል። እዚህ ስምህ መተረቻ ሆኗል። አንዱ የሞተሩን ማርሽ ተሳስቶ ወደኋላ ሲነዳ «ሎቭሬን እንዳትሆን!» ይሉታል። ልጆች እንኳ ማን እንደሆንክ ሳያውቁ ይሉታል። እኔም ከሰው ጋር እስቅ ነበር።

ማክሰኞ ማታ ቁልፉን በመሐረብ ቋጥሬ የማሬ መሸታ ቤት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጨዉን አሳየኋቸው፤ የባልዲውንም ነገር ነገርኳቸው። ሽማግሌው ዱዬ መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አየው።

«ቆይ እስቲ፣ ሲጫን አየሁ ብለህ የማልክ አንተ አይደለህ?»

«አላየሁም፣ አባባ ዱዬ።»

«ታዲያ ምን አፍህን ይዞት ነበር?»

ማሬ መጥታ ብርጭቆዬን አነሳች። «አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቁስል አሳቅኸን! ተነሥ፣ ቤትህ ሂድ» አለችኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ወደብ ላይ «ደህና አደርክ» የሚለኝ የለም። አልፈርድባቸውም።

ግን ለእነሱም ግማሹን ነው የነገርኳቸው። የቀረውን ላንተ እጽፋለሁ፤ ይህን መስመር ለመጻፍ ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል።

ያን ቀን ደርሼብህ ነበር። ወደ ላይ ስትሄድ አንድ ነገር ጫማህን የጨበጠህ አልመሰለህም? እኔ ነበርኩ። የግራ እግርህን የመቅዘፊያ ጫማ ያዝኩት፤ ሦስት ሜትር ያህል አብረን ወጣን። ቱቦህ ዓይኔ ሥር ነበር። ማክሰኞ በገዛ እጄ እንዳየሁት፣ ለመንቀል ሁለተኛ እጅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ሁለተኛው እጄ ግን የኮራሉን መረብ ይዞ ነበር፤ ከዚያ በፊት አግኝተን የማናውቀው፣ እንደ ክንድ የወፈረ ቀይ ኮራል። መረቡን ልልቀቅ ወይስ እግርህን? ብዙ አላሰብኩም። እግርህን ለቀቅሁ።

ያንን ኮራል ሸጬ ለጀልባዋ አዲስ ሞተር ገዛሁ። ዛሬም በእሱ ነው የምሄደው።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይህን ካነበብክ በኋላ እንዲህ ብዬ ብለምንህ ድፍረት ነው። የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ ጣትህን መጥላት ተው። ምንም አላደረገም።

የፊታችን ሐሙስ ከሺቤኒክ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን አውቃለሁ። ባትከፍትልኝ ደግሜ አላንኳኳም፤ ደረጃው ላይ ቆሜ ይህንኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ፣ ጎረቤቶችህ በየበራቸው እንዲሰሙት። ከዚያ ተመልሼ ለማሬ ቤት ሰዎች የቀረውን ግማሽ እነግራቸዋለሁ።

እግርህን የለቀቀው፣
ቤፖ