«ቤት ውስጥ ማን ትሉታላችሁ?»
የወይዘሮ ኤርሲሊያ ኦጋንዶ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኤርሲሊያ ኦጋንዶ ማቴዎ ከአባታቸው ከአቶ ሴኖን ኦጋንዶ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብሪሂዳ ማቴዎ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1954 ከሳን ሁዋን ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በሎማ ሴካ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ቦሎቄ አምራች ገበሬ ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ጾም በገባ ቁጥር፣ በእኛ ጾም ወተት አይከለከልምና፣ ከዚያው ቦሎቄ በወተትና በስኳር ጣፋጩን እየሠሩ ለጎረቤት ያዳርሱ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የተወለዱት ወይዘሮ ኔሬይዳ ብቸኛ እህታቸው ናቸው። ኔሬይዳ አፍ ሲፈቱ «ኤርሲሊያ» ማለት ስላቃታቸው ሌላ ስም አወጡላቸው፤ ያም ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚጠሩበት የቤት ስማቸው ሆኖ ቀረ። እኛ ልጆቻቸው ግን ያንን ስም ሳናውቀው አደግን። ካደግን በኋላም ያልሰማንበት ምክንያት ወደ ኋላ ይነገራል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃውን በሳን ሁዋን ተከታትለው ካጠናቀቁ በኋላ ወደ ዋና ከተማችን ሳንቶ ዶሚንጎ ሄደው በረዳት ነርስነት ሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1978 በሚሠሩበት ሆስፒታል የአንጎል ሞገድ መመዝገቢያ መሣሪያ ሲገባ ሌሎቹ ነርሶች የሽቦውን ብዛት አይተው ሸሹ፤ እናታችን እጃቸውን አወጡ። ሙያውን ተምረው ወደ ሳን ሁዋን በመመለስ ጡረታ እስከወጡበት እስከ እ.ኤ.አ. 2014 ድረስ በከተማው ሆስፒታል አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ከአውቶቡስ ሾፌሩ ከአቶ ፌርሚን ቫልዴስ ጋር ጋብቻ መሥርተው እኔን ዮካስታን እና ወንድሜን ኤዲሰንን ወልደዋል።

ሥራቸው ምን እንደነበር ይህ ከተማ ያውቀዋል ብዬ አላምንም። የታማሚውን ጭንቅላት በሜትር ይለካሉ፣ በቀይ እርሳስ ምልክት ያደርጋሉ፣ ትናንሾቹን ሽቦዎች አንድ በአንድ በማጣበቂያ ይለጥፋሉ፤ ከዚያ መሣሪያው የአንጎሉን እንቅስቃሴ በመስመር እየሣለ ያወጣል። አብዛኞቹ ታካሚዎቻቸው የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሕፃናት ነበሩ። ፀጉራቸውን ታጥበው፣ ቅባት ሳይቀቡ እንዲመጡ ይነገራቸዋል፤ የሚሰማ ግን የለም። ቅዳሜ ፀጉር ቤት ገብታ ሰኞ የምትመጣዋ ሴት ደግሞ በእኛ አገር ወግ ወይዘሮን «ዶኛ» እያለች ታምባርቃለች፦ «ዶኛ ኤርሲሊያ፣ በቢጎዲን ስጠቀለል የዋልኩትን ፀጉር በሙጫ ልታበላሺው ነው?» እናታችንም «አንጎልሽ ፀጉር ቤት አልገባም የኔ እመቤት፤ ተቀመጪ» ይሏታል። ሲጨርሱ ማጣበቂያውን በሞቀ ውኃ ከፀጉሯ የሚያጥቡላት ራሳቸው ናቸው። ዛሬ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በእናታችን ምርመራ መድኃኒት አግኝተው፣ መውደቅ ትተው፣ ልጅ የወለዱ ሰዎች ተቀምጠዋል። ማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ። ከእናንተ አንዳችሁም መንገድ ላይ ሰላም ስትሏቸው አይቼ አላውቅም።

ከተማው የያዘባቸው ሌላውን ሥራ ነው። አንድ ሰው ክፉኛ ተጎድቶ አንጎሉ መሥራት ማቆም አለማቆሙን ሐኪሞቹ ለማረጋገጥ ሲፈልጉ እናታችን ይጠራሉ። ፍርዱ የሐኪሞቹ ነው፤ የእሳቸው ድርሻ መመዝገብ ብቻ ነው። በዚያ ምርመራ ላይ ታማሚው በሁለቱም ጆሮው በስሙ ጮክ ተብሎ ይጠራል፤ መስመሩ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ይታያል። በእኛ አገር ደግሞ በመዝገብ ስሙ የሚጠራ ሰው የለም። ስለዚህ እናታችን መጀመሪያ ወደ ኮሪደሩ ይወጡና ቤተሰቡን ይጠይቃሉ፦ «ቤት ውስጥ ማን ትሉታላችሁ?» መሣሪያው ይህን አያዛቸውም። ሰው በሚያውቀው ስም ሳይጠራ ሞተ እንዳይባል ብለው ነው።

ሐኪሞቹ ውሳኔውን ተናግረው በጓሮ በር ይወጣሉ። ማጣበቂያ በእጃቸው ላይ እንደያዙ በቤተሰቡ መሐል የሚያልፉት እናታችን ነበሩ። ስለዚህ ሕዝቡ ጥያቄያቸውን የሞት ጥሪ አደረገው። ዶሚኖ የሚጫወቱት ሰዎች እሳቸው ሲያልፉ ያማትባሉ፤ አንዱ ተነሥቶ «ዶኛ፣ አደራ ስሜን እንዳትጠይቂኝ፣ ጨዋታውን ገና እየመራሁ ነው!» ይላል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። እናታችን ሱቅ በር ላይ አንዲት ሕፃን አይተው «ማን ነው ስምሽ የኔ ቆንጆ?» ቢሏት እናቷ ጎትታ አስገባቻት። ይባስ ብሎ ሆስፒታል ውስጥ ስም የሚደብቁባቸው መጡ፤ እውነተኛውን ስም ካላገኙ ሞት ሰውየውን አያገኘውም ብለው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወይዘሮ ኔሬይዳ አንድያ ልጅ ዊልኪን፣ ሁላችንም ኩኮ የምንለው፣ በሞተር ሳይክል ተጋጭቶ ሆስፒታል ገባ። የራስ መከላከያው መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እንደማንኛውም የከተማችን ልጅ። እናታችን ከሌላ ከተማ ባለሙያ እንዲመጣ ለመኑ፤ የለም ተባሉ። እንደ ልማዳቸው ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

«ኔሬ፣ ቤት ውስጥ ማን ትይዋለሽ? ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ?»

ወይዘሮ ኔሬይዳ ጥያቄውን እንደ ከተማው ሁሉ ፈሩት።

«ኩኮ ነዋ! ሌላ ምን እለዋለሁ? የማታውቂው ይመስል!»

እናታችን ገብተው ኩኮን በሁለቱም ጆሮው ጠሩት። አልመለሰም። በቀብሩ ቀን ወይዘሮ ኔሬይዳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው፣ አገር እየሰማ ጮኹ፦ «ልጄን በስሙ አልጠራሽውም! እኔ ብቻችንን ስንሆን ፓፒቶ ነበር የምለው። ፓፒቶ ብትይው ይሰማሽ ነበር። በሕይወት እያለ ቀበርሽብኝ!»

እናታችን የመለሱት «ጠየቅኩሽ እኮ፣ ኔሬ» ብቻ ነው።

ከተማው ማንን እንዳመነ መናገር አያስፈልግም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ኔሬይዳ እህታቸውን አላናገሩም። እናታችን ግን ጾም በገባ ቁጥር ጣፋጩን ቦሎቄ ሠርተው፣ ክዳን ባለው ሳህን አድርገው በኤዲሰን እጅ ይልኩላቸው ነበር። ሳህኑ ሳይከፈት ይመለሳል። ኤዲሰን አንድ ጊዜ ተናዶ «ማሚ፣ በቃሽ! ሴትዮዋ ድንጋይ ናት» አላቸው። «ዝም በል፣ አክስትህ ናት። ቀረፋው በዝቶባት ይሆናል» አሉት። በሚቀጥለው ዓመት ቀረፋውን ቀነስ አድርገው ላኩ። እሱም ተመለሰ። የቤት ስማቸውን ስንጠይቃቸው «እሱ ኔሬይዳ ጋ ነው ያለው። የታረቅን ቀን ከሷ አፍ ትሰሙታላችሁ» ይሉን ነበር። አባታችን እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያርፉ አክስታችን ከቀብር በኋላ ለሚደረገው ለዘጠኙ ቀን ጸሎት እንኳ ብቅ አላሉም። እናታችን ግን የጸሎቱ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ አጠገባቸው አንድ ወንበር ባዶ አስቀምጠው ነበር። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አንጀቴ ያራል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2022 እናታችን የጾሙን ቦሎቄ እያማሰሉ ሳለ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ወደቁ። የገቡት ለዓመታት ያገለገሉበት ሆስፒታል ነው። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ያስተማሯት ቴክኖሎጂስት ዩበርኪስ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ፊታችን ቆመች። እንባዋ እየወረደ «ዮካስታ፣ ዶኛን ቤት ውስጥ ማን ነበር የሚሏቸው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቁት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ።

ኤዲሰን ሄደ። ስሙን ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ወይ የውሸት ስም ይነገረዋል ብዬ ነበር። ወይዘሮ ኔሬይዳ በቤት ነጠላ ጫማቸው ራሳቸው መጡ። ማንንም ሳያዩ ገብተው አልጋውን ያዙ፣ ወደ እናታችን ቀኝ ጆሮም ጎንበስ አሉ።

«ቺላ! ቺላ፣ እኔ ነኝ፣ ኔሬ!»

ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እንዲህ ነው። መስመሩም ተንቀሳቀሰ። ወይዘሮ ኔሬይዳ «መለሰችልኝ! አያችሁ? መለሰችልኝ!» ብለው ጮኹ። እኔም አምኜ ነበር። ዩበርኪስ ግን እናታችን እንዳስተማሯት ቀስ ብላ «ዶኛ ኔሬይዳ፣ እጅዎን ከአልጋው ላይ ያንሡት። የሚንቀጠቀጠው የእርስዎ እጅ ነው» አለች።

እጃቸውን አነሡ። መስመሩ ተኛ። በግራ ጆሯቸው ሞከሩ፤ ድምፃቸው እስኪሰልል ቺላ፣ ቺላ አሉ። ትክክለኛው ስም ነበር፤ በትክክለኛው ሰው አፍ ነው የተጠራው። መስመሩ እንደተኛ ቀረ። ወይዘሮ ኔሬይዳ ዞር ብለው ዩበርኪስን «እንግዲያ ልጄም...» አሏትና አልጨረሱትም።

እናታችን ይህንን አንድ ቃል በሕይወት እያሉ ለመስማት ስንት ሳህን ላኩ። ይህ ሲነበብ አክስታችን ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ለማስታረቅ የጻፍኩት አይደለም፤ የሚታረቀው ሰው ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ወይዘሮ ኤርሲሊያ ኦጋንዶ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2022 በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ዩበርኪስ ማጣበቂያውን ከፀጉራቸው በሞቀ ውኃ አጥባላቸዋለች። የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው በተጨማሪ እህታቸው ወይዘሮ ኔሬይዳ በሐዘን ቀርተዋል። የጀመሩት ቦሎቄ በቤታችን በስሎ ለዘጠኙም ቀን ይቀርባል፤ ሳህኑ ለሁሉም ክፍት ነው።

ለሰው ሁሉ የቤት ስሙን ሲጠይቁ ኖረዋል። አምላክ ደጁ ሲደርሱ ማንንም ሳይጠይቅ «ቺላ፣ ግቢ» ይበላቸው።