ሳትሰማው የቀረኸው ክፍል

ይድረስ ለወንድምዓለም የኔሰው፣

እንደምን ሰነበትህ? እኔ ታናሽህ ታዘበው ደኅና ነኝ። ጉሮሮህን የሚከረክርህ የእንጨት ብናኝ ተወህ ወይ? የሞጣ ብርድስ? ዛሬም ጋቢህን ሳትደርብ ነው የምትወጣው? መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ከቀበርንህ ዐሥራ ሰባት ቀን ሆነ። ሰኞ ሰኞ ስጽፍልህ ኖሬ ሁለት ሰኞ ዘለልሁ፤ ሦስተኛውን ግን አልቻልሁም።

የሌቦቹ ድራማ አለቀ። ቴሌቪዥኑን ለእኛ ገዝተህ ልከህ አንተ ሞጣ ያለ ቴሌቪዥን ስለቀረህ ዐሥራ ስምንቱን ክፍል ጽፌልሃለሁ። የመጨረሻው የወጣው በሠልስትህ እሑድ ነበር። ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፍኖ፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ እኔ ሰዓቱ ሲደርስ ነጠላውን አፍጥጬ አያለሁ። እናታችን አየችኝና «ግለጠው» አለችኝ። ጎረቤታችን እትዬ ሀብትነሽ «በስመ አብ! ለቅሶ ቤት ድራማ?» ስትል፣ እናታችን «የገዛው እሱ ነው። ታናሹ ካልነገረው ሰኞ አይነጋለትም ነበር፤ ዛሬ ምን በወጣው!» ብላ ዝም አሰኘቻት።

ሦስቱ ሌቦች የንፉጉን ነጋዴ ቤት ሊዘርፉ ገቡልህ። ሰውየው ወንበሩ ላይ ሞቶ ጠበቃቸው። ኪሳቸውን ሞልተው ሊወጡ ሲሉ ጎረቤት በሩን አንኳኳ። ምን ያድርጉ? ዘመድ ነን ብለው እዬዬ አሉ። ድንኳን ተተከለ፤ ሌቦቹም ከፊት ተቀመጡ። ወፍራሙ ንፍሮውን ብቻውን ጨረሰው። ቀጭኑ ደረቱን በደቃ ቁጥር ኮቱ ውስጥ የሸጎጠው የብር ማንኪያ ይንሿሿል። አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ሐዘንህ ከበደ፤ ደረትህ ራሱ ያለቅሳል» አሉት። አለቃቸው ግን በሦስተኛው ቀን የምሩን አለቀሰ። የገዛ ወንድሙ ሲሞት እስር ቤት ስለነበር አላለቀሰለትም ነበር። የሰረቀውን ሁሉ ወደ ቦታው ሊመልስ ተነሣ። ሲሰርቅ ያልተያዘው ሰውዬ ሲመልስ ተያዘ!

ማንኪያው ሲንሿሿ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እናታችንም እንባዋ እየወረደ። እኔ ግን በሬሳህ ላይ የሳቅሁ መሰለኝና ወደ ጓሮ ሮጥሁ። አሠሪህ አቶ ወልደ ኪዳን ተከትለውኝ ወጡ። ከሞጣ ለለቅሶ መምጣታቸውን እንኳ አላወቅሁም ነበር። «ጸሐፊው አንተ ነህ? እኛ እኮ ጺማም ሽማግሌ መስለኸን ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ነገሩኝ። ለካ ደብዳቤዬ ሲደርስህ መጋዙን አጥፍተህ፣ ግንዱ ላይ ቆመህ ለእንጨት ቤቱ ሰዎች ሁሉ ታነብላቸው ነበር። አስቂኙ ቦታ ሳትደርስ ቀድመህ ስትስቅ «ሳቅህን ዋጥና አንብብ!» ይሉህ ነበር። ታመህ ከተኛህ በኋላ ዐሥራ ስምንተኛውን እሳቸው አነበቡልህ፤ ሳል እስኪይዝህም ሳቅህ። ከዚያ ወዲያ ስትስቅ የሰማህ የለም። «እኔ መጨረሻውን አይቻለሁ፤ ሰዎቹ ግን ካንተ ነው የሚጠብቁት፤ በእኔ አፍ አያምርም» አሉኝ።

ወንድምዓለም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለቴሌቪዥኑ ብቻ አይደለም። ብዕር የምይዘው ለፈተና ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አንተ ግን መጋዝ አስቁመህ አነበብኸኝ። የመጨረሻ ሳቅህንም ለእኔ ተውህልኝ።

እናታችን ሰላም ብላሃለች። እኅታችን ሰርካለም የሠራህላት በርጩማ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ከልክላለች። ያን ቀን ከሁላችን በላይ የሳቀችው እትዬ ሀብትነሽ ነፍስህን ይማር ትላለች። አቶ ወልደ ኪዳንንና የእንጨት ቤቱን ሰዎች በየስማቸው ሰላም በልልኝ።

ትናንት አክስታችን እናታችንንና ሰርካለምን ትንሽ እንዲያርፉ ብላ ወደ መርጡለ ማርያም ወሰደቻቸው። እኔ ፈተና ስላለብኝ ቀረሁ፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ተነሥቼ ይህን ጻፍሁና ለባዶው ቤት ጮክ ብዬ አነበብሁት። ማንኪያው ጋ ሳልደርስ እንዳንተው ቀድሜ ሳቅሁ። ፖስታው ላይ እጄ እንደ ልማዱ ስምህን ጽፎ ነበር። አልሰረዝሁትም። ከሥሩ «በአቶ ወልደ ኪዳን በኩል» ብዬ ጨመርሁ፤ የሞጣው አውቶቡስ ሳይነሣ ይዤ ልሩጥ።

ቢቸና፣ ኅዳር 25 ቀን 1999 ዓ.ም.