ዱረቲ ያልፈረመችባቸው አሥራ አንድ ክፍለ ጊዜያት

ለክቡር ኦቦ ሚልኬሳ
የሰፈራችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር
አምቦ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤንነትዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም፤ የሰባተኛ «ለ» ተማሪዎች እርስዎ በሚያስተምሩት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አሥራ አንድ ጊዜ ጠብቀው ስላጡዎት፣ ታመው እንዳይሆን ብዬ ሰግቼ ነው።

ሠላሳ ሁለት ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገልሁ ጡረተኛ በመሆኔ፣ ፊርማ ምን ማለት እንደ ሆነ ጥቂት አውቃለሁ። ስለዚህ በጎረቤቴ በወይዘሮ ባየሽ ልጅ በዱረቲ ላይ ስለ ወሰዱት እርምጃ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ/ በመስከረም ወር አርባ ሰባት ተማሪዎች እጅ አውጥተው የክፍል አለቃቸው አድርገው ሲመርጧት፣ አጨብጭበው ስላጸደቁላት አመሰግናለሁ። የአለቃ ሥራ የክፍለ ጊዜ መቆጣጠሪያውን ቅጽ መያዝና መምህሩ ገብቶ ማስተማሩን በፊርማ ማረጋገጥ መሆኑን ያስረዷትም እርስዎ ነበሩ። ጥፋቷ የነገሯትን ማመኗ ነው።

፪ኛ/ የወረዳው ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ቢሮዎ አስጠርተው፣ ባዶ የተተዉትን አሥራ አንድ መስመሮች እንድትፈርም በአባትነት ስለ መከሯት አመሰግናለሁ። እሷም «ቲቸር፣ በእነዚህ ቀኖች እኮ አልገቡም» ብትልዎ፣ በማግሥቱ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ የመሪነት ብቃት እንደሌላት አውጀው ሻሯት። በእርስዎ የተሾመው አዲሱ አለቃ የዕረፍቱ ደወል ሳይደወል አሥራ አንዱንም ፈርሞ አስረክቧል፤ ብቃት ማለት ይህ መሆኑን በእርጅናዬ ተማርሁ።

፫ኛ/ በዚያው ሰልፍ ላይ የሚደግፋት ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠይቀው ነበር። ከአርባ ሰባቱ አንድም እጅ አልወጣም። ሕፃናቱ ሒሳብ ባይማሩም ይህን በሚገባ ተምረዋል። አሁን በመንገድ ስታልፍ «ተቆጣጣሪዋ መጣች!» እያሉ ይስቁባታል።

፬ኛ/ የይቅርታ ማመልከቻ እስክታቀርብ ድረስ ከትምህርት ስላገዷት፣ እነሆ ሦስተኛ ሳምንቷን ከቤት ውላለች። ፈተናው ሊደርስ ነው።

እግዱ እንዲነሣላትና ቅጹም እሷ እንደ ተወችው እንዲመለስ፣ ጊዜዎን ስለ መሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ አመለክታለሁ።

ረጅም ዕድሜንና ከስብሰባ የሚተርፍ ጥቂት ጊዜን የሚመኝልዎ፣ ፊርማውን ባላየው ነገር ላይ አኑሮ የማያውቅ አክባሪዎ፣

ወሰኑ ሀብተሥላሴ
አምቦ፣ ሚያዝያ ፳፻፲፩ ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ እንደ ጨረስሁ ዱረቲ የይቅርታ ማመልከቻዋን እንዳርምላት ይዛ መጣች። ዓመቱ እንዳያመልጣት እናቷ ለምናታለች። በአሥራ አንዱም ቀን እርስዎ ገብተው እንዳስተማሩ፣ እሷ ግን በቸልተኝነት ሳትፈርም እንደ ቀረች ጽፋለች። ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ፊደሉም፣ ሥርዓተ ነጥቡም የተስተካከለ ነውና የማርመው አጣሁ። ማክሰኞ ጠዋት ታመጣልዎታለች፤ እባክዎ በዚያን ቀን እንኳ ይገኙላት።